የጎደለችው አራት ሚሊሜትር

እኔን የጥርስ ስር ሕክምና ያስተማሩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዶክተር ፊሊጶስ ናቸው፤ የተመረቁበት ወረቀት በመስታወት ተከድኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሁለተኛዋ እትዬ ገዲሴ ናቸው፤ እሳቸው የሚሰቅሉት ጋዋናቸውን ብቻ ነው። ዛሬ እኔም በተራዬ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ "ዶክተር ናፍቆት ምን ሆና ነው እንዲህ የምታካብደው?" ሲባባሉ በጆሮዬ እሰማለሁ። ለምን እንደማካብድ አንድ ጊዜ ደህና አድርጌ ልንገራቸው።

ኮሌጃችን የማስተማሪያ ክሊኒኩን የከፈተው ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ ምድር ቤቱ መጋረጃ በሚሸጥበት ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እትዬ ገዲሴ የተቀጠሩት ለጽዳት ነው። የላፍቶ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ የአባታቸው ማሳ የት እንደነበር ሲጠየቁ የሚጠሩት የኮንዶሚኒየም የብሎክ ቁጥር ነው። ክሊኒኩ በተከፈተ በዓመቱ፣ ዕቃ የሚያጥበውና የሚቀቅለው ሠራተኛ አንድ ቀን ሳይናገር ቀረ። እትዬ ገዲሴም "ሰው እስኪገኝ እስቲ ይግቡበት" ተባሉ። ሰው ሳይገኝ አሥራ አንድ ዓመት ሞላ።

የኛን ሥራ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ጥርስ በስብሶ መበስበሱ ነርቩ ጋ ሲደርስ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ይነቀላል፣ ወይ ሰዉ "ነርቩን አስገደልኩት" የሚለው ሕክምና ይደረግለታል። ጥርሱን ከላይ እንከፍትና፣ ፋይል በምትባል ከመርፌ የቀጠነች ሞረድ እስከ ስሩ ወርደን፣ የሞተውን ነርቭ ጠርገን አውጥተን ባዶውን እንደፍነዋለን። የፋይል ውፍረት የሚታወቀው በእጀታዋ ቀለም ነው። "ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር" እያሉ እትዬ ገዲሴ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ እንደ ዳዊት ይደግሙታል።

የዚህች ፋይል ጠባይዋ ክፉ ነው። አላግባብ ካጠማዘዟት ጫፏ እዚያው ስሩ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። የተሰበረውን ማውጣት ለአዋቂም ይከብዳል፤ ካልወጣ ደግሞ ጥርሱ ራሱ ሊነቀል ይችላል። ተማሪ ከደም ይልቅ የሚፈራው ይህንን ነው።

እትዬ ገዲሴ ለዚህ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ጠረጴዛቸው ላይ አንዲት ጠፍጣፋ ብረት አለች፤ በምስማር ጭረው መስመር አስምረውባታል። የፋይሏ እጀታ ከብረቷ ጠርዝ ገጥሞ፣ ጫፏ መስመሩን መንካት አለበት። ተማሪው አንድ በአንድ ለክቶ "አልጎደለም" ይልና ያስረክባል፤ ከዚያ እሳቸው ይደግሙታል። ይህን ሕግ የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም። ዶክተር ፊሊጶስ እንኳ "አልጎደለም" ሳይሉ ትሪያቸውን የሚቀበላቸው አልነበረም። እኛ ግን ለምደነው፣ ቃሏን ገና ከበሩ ላይ ነበር የምንወረውራት፤ እንደ "ደህና ዋሉ" ማለት ነበር የሆነችብን።

በመጨረሻው ዓመታችን፣ በመጀመሪያው መንፈቅ የምንለማመደው በተነቀለ ጥርስ ላይ ነው። ጥርሱ ጄሶ ውስጥ ይተከልና ስንቦረቡረው እንውላለን። እትዬ ገዲሴ በበሩ ሲያልፉ ቆም ይሉና "ግድ የላችሁም ልጆቼ፣ ይሄ አይጮህም" ይሉናል። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ የሚጮኸው መጣ። እያንዳንዱ ተማሪ ለመመረቅ የሦስት ሰዎች መንጋጋ ጀምሮ መጨረስ አለበት፤ ታካሚውን ፈልጎ የሚያመጣውም ራሱ ነው። እኔ ሁለት ጨርሼ ሦስተኛው ጠፋኝ። ሰፈሬ መካኒሳ አቦ ነው፤ ጥርሱን ያመመው ሞልቷል፣ ግን ሁሉም "ንቀሉልኝና ልገላገል" ነው የሚለው። ሰው ሲስቅ ደስታውን ትቼ መንጋጋውን ማየት ጀመርኩ። እናቴ "አንቺ ልጅ፣ እንግዳ ፊት እንዲህ አታፍጪ" እስክትለኝ ድረስ።

የማጠናቀቂያው ቀን ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እትዬ ገዲሴ ጠሩኝ።

"ናፊ፣ አገኘሽ?"

"የለም እትዬ። አንድ ዓመት ልደግም ነው መሰለኝ።"

"በይ ወንድሜን ኮርሳን አመጣልሻለሁ። ሊያስነቅል ተነስቷል። በግራ በኩል ያለውን እያስነቀለ ጨርሶ፣ የሚያኝክበት በቀኝ ያለችው ይቺው አንዲት መንጋጋ ናት። እሷን ካስነቀለ በምን ሊበላ ነው? ግን ናፊ፣ አደራ።"

"አደራ" ያሉኝን እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ጋሽ ኮርሳ የእትዬ ገዲሴ ታናሽ ናቸው። ከአባታቸው መሬት በተረፈችው ጥግ ላይ ሁለት ላም ያረባሉ፤ ወተቱን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ለደረጃ እየወጡ ያድላሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የወተት ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ጀሪካኑን የሚያሳርፉበት አጥተው እጭናቸው ላይ ሊይዙት ነበር፣ እህታቸው ቀሙዋቸው።

ማደንዘዣ ወጋኋቸው፣ ከፈትኩ፣ ወረድኩ። ያን ቀን እጄ በጣም ታዘዘልኝ። በተለይ ቢጫዋ ፋይል! የኋላ መንጋጋ ላይ ሁሌ አፍ ጠቦኝ እጀታዋ ከላይኛው ጥርስ ጋር እየተጋጨ ነበር የምታገለው፤ ያን ቀን ግን ሰተት ብላ ገባች። "ናፍቆት፣ ሥራውን ያዝሽው ማለት ነው" ብዬ በልቤ ራሴን አሞገስኩ። ዶክተር ፊሊጶስ አይተው "ጥሩ ነው፣ ለጊዜው ድፈኚውና በሁለት ሳምንት እንጨርሰዋለን" ብለው ወደ ለቅሶ ሄዱ። ጋሽ ኮርሳም ደንዝዞ የተንጠለጠለ ከንፈራቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ጀሪካናቸውን አንስተው ወጡ።

እኔ ትሪዬን ይዤ ወደ እትዬ ገዲሴ ክፍል ገባሁ። "አልጎደለም!" አልኩ ከበሩ ላይ፣ እየሳቅሁ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባል የለ። ነጯን ለኩ፣ ደህና። ቢጫዋን አስቀመጡ። አንስተው እጀታዋን ጠርዙ ላይ ገፋ አድርገው እንደገና አስቀመጡ። ከዚያ ብረቷን ወደ እኔ አዞሩልኝ።

"ናፊ፣ ይቺ የት ነው የደረሰችው?"

ጫፏ መስመሩ ጋ አልደረሰም። በማስመሪያ ለካሁት፤ አራት ሚሊሜትር ይጎድላል። ክው አልኩ። አራት ሚሊሜትር ብረት ጋሽ ኮርሳ መንጋጋ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፣ ጋሽ ኮርሳ ደግሞ ታክሲ ላይ ናቸው።

"እኔ አልሰበርኩም!" አልኩ። ድምፄ መጋረጃ ሻጮቹ ጋ ሳይሰማ አልቀረም። "ሲሰበር እኮ እጅ ላይ ያስታውቃል! ምንም አልተሰማኝም!"

"እኔ የማውቀው መስመሩን ነው" አሉ እትዬ ገዲሴ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

ለዶክተር ፊሊጶስ ደወልን። ከለቅሶው ቤት ወጣ ብለው ሰሙንና፣ "ፋይሏን ፖስታ ውስጥ አሽጓት፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ሰኞ ጠዋት ሰውየውን አምጧቸው፣ ራጅ እናነሳለን። እስከዚያ ጥርሱን ማንም እንዳይነካው" አሉ። ቀጥለውም ለኔ፣ "ስሩ ውስጥ ካለ ሥራው አይያዝልሽም ናፍቆት፣ ይህን ከአሁኑ ልንገርሽ" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ንዴቴ ቶሎ ነው። ፖስታው ላይ ፈርሜ፣ ደህና እደሩ እንኳ ሳልል በሩን ወርውሬው ወጣሁ። ቤት ገብቼም ስናደድ የነበረው በእትዬ ገዲሴ ነው፤ በዚያች ብረታቸው፣ በዚያች መስመራቸው። ንዴቱ በረድ ሲል ግን ፍርሃቱ መጣ። የዓመቱ መደገም አንድ ነገር ነው። የሰውየው አንድ የቀረች ማኘኪያ ግን ሌላ ነው። በአደራ ተሰጥታኝ እኔ ላጠፋት ነው እያልኩ እንባዬ መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ገዲሴ ደወሉ። "ለኮርሳ ልነግረው ልሄድ ነው። ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የምነግረውም እኔ ነኝ። አንቺ ግን አብረሽኝ ቁሚ" አሉኝ። ሄድኩ።

ጋሽ ኮርሳን ከፎቆቹ ጀርባ፣ ከላሞቻቸው ጋር አገኘናቸው። እትዬ ገዲሴ ስለ መኖው ጠየቁ፣ ስለ ጥጃዋ ጠየቁ፣ ስለ አጥሩ ጠየቁ። ወንድማቸው በመጨረሻ ሳቁና "እቴ፣ አጥር ልታዪ ነው እንዴ ከዶክተር ጋር የመጣሽው?" አሏቸው።

ያኔ ነገሯቸው። ጋሽ ኮርሳ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

"መርፌ? እዚህ ውስጥ?"

"መርፌ መሰል ነገር። ምናልባት ነው። እርግጡ ሰኞ ነው የሚታወቀው" አልኳቸው።

"አያመኝም እኮ።"

"አሁን ላያምዎት ይችላል።"

"እንዲህ ከሆነ ዛሬውኑ ላስነቅለውና ልገላገል ነዋ! እኔ መጀመሪያም ብዬ ነበር።"

እትዬ ገዲሴ እዚያው የላሞቹ ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ስድስት ዓመት ሙሉ አለቀሱ ሲባል ያልሰማሁትን ሴትዮ እንዲህ ሳያቸው ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። "በምን ልትበላ ነው? ጥርስህን ያተረፍኩልህ መስሎኝ፣ እኔው ራሴ ላስነቅልህ ነው!" ይላሉ። ጋሽ ኮርሳ ደነገጡ። "ቶሌ፣ ቶሌ፣ እሺ፣ አላስነቅልም። ሰኞ እመጣለሁ። አንቺ ብቻ አታልቅሺ፣ ላሟ ትፈራለች" አሏቸው። ወተት ቀዱልን፤ እኔ ጠጣሁ፣ እትዬ ገዲሴ አልጠጡም።

ሰኞ ጋሽ ኮርሳ ከሁላችን ቀድመው ደርሰው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ወንበሩ ላይ ወጡ፣ ዶክተር ፊሊጶስ ራጁን አነሱ። ብረት ራጅ ላይ ቦግ ብሎ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው፤ የሚሰወር ነገር አይደለም። ምስሉ ኮምፒውተሩ ላይ እስኪወጣ ያለችው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ናት። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ምንም የለም" አሉ ዶክተር ፊሊጶስ።

ዓይኔን ገለጥኩ። አንደኛው ስር ንጹሕ፣ ሁለተኛውም ንጹሕ። ከሌላ አቅጣጫ ደግመው አነሱ። አሁንም ምንም የለም። ግድግዳውን ያዝኩ። እፎይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ገና ያኔ አየር የሳብኩ መሰለኝ። እትዬ ገዲሴ "ተመስገን፣ ተመስገን" እያሉ የወንድማቸውን ጫማ ይነካኩ ነበር፣ ቅርብ ያገኙት እሱን ስለሆነ። ጋሽ ኮርሳ አፋቸው እንደተከፈተ "እእእ?" ይላሉ፤ ማንም አልመለሰላቸውም።

"እሺ፣ ጫፏ ታዲያ የት ሄደ?" አሉ ዶክተር ፊሊጶስ። ፖስታውን ቀደዱ፣ አጉሊ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቢጫዋን ፋይል መብራቱ ላይ አዟዙረው አዩዋት። ቆይተው ፈገግ አሉ።

"ይቺ አልተሰበረችም። ጫፏ እንደሾለ ነው። ስትሠራም አጭር ሆና ነው የተሠራችው።"

ፋይል በሁለት ቁመት ይመጣል፤ አንዱ ሃያ አምስት ሚሊሜትር፣ አንዱ ሃያ አንድ። ቀለማቸው አንድ ነው፣ የሚለያቸው ማሸጊያው ላይ የተጻፈችው ጉንዳን የምታክል ቁጥር ናት። እኛ ክሊኒክ ሁሌም የምንጠቀመው በረጅሙ ነው። በዚያ ወር ግን አቅራቢው ረጅሙ አልቆበት አጭሩን ቀላቅሎ ልኮ ኖሯል። ያን ቀን ቢጫዋ ሰተት ብላ የገባችልኝም ለዚህ ነው፤ ለኋላ መንጋጋ አጭሯ ትመቻለች። ያሞገስኩት እጄ ምንም አልተለወጠም ነበር።

እትዬ ገዲሴ ወጥተው ከመሳቢያቸው አንድ ማሸጊያ ይዘው መጡ። ለዶክተሩ ሰጡ። ሃያ አንድ ይላል።

"ሐሙስ ዕለት የከፈትኳት እኔ ነኝ" አሉ። "ቀለሟን አየሁ፣ ቢጫ ናት አልኩ፣ ከቢጫዎቹ ጋር ጨመርኳት። ቁጥሩ አይታየኝም። ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ቅርብ ያለ ጥቃቅን ነገር አይታየኝም። መስመሩን አየዋለሁ፤ ጫፏ ሹል ይሁን ዱልዱም ግን አላውቅም። ብናገር ታሰናብቱኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እናቴን በዕድሜ የሚበልጡ ሴትዮ፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጎንበስ አሉ። "ናፊ፣ ይቅር በይኝ ልጄ። አልሰበርኩም ስትዪ አላመንኩሽም" አሉ።

እጃቸውን ይዤ አነሳኋቸው። ሐቁን ለመናገር፣ ዝም ብዬ ይቅርታውን ብቀበል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የተበደልኩ እኔ ነበርኩ፣ ደስም ይል ነበር። ግን እንዲያ ተጎንብሰው ሳይ አላስቻለኝም።

"እትዬ፣ እኔም አላየኋትም" አልኩ። "ዓርብ ዕለት ከበሩ ላይ 'አልጎደለም' ስል አልለካሁም። ባያት ኖሮ አጭር መሆኗን እኔው አውቅ ነበር። እኔ ዓይኔ ደህና ነው።"

ቀና ብለው አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም፤ እንደ ደከማቸው ሰው ነበር የሚያዩኝ።

"አውቃለሁ" አሉ። "ማናችሁም አታዩም። ሁላችሁም ከበሩ ላይ ነው የምትሉት። እኔ አያለሁ እኮ ብዬ ነው የማልፋችሁ። በኋላ እኔም ማየት አቃተኝ።"

ዶክተር ፊሊጶስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸውም ከበሩ ላይ ከሚሉት አንዱ መሆናቸው ትዝ ብሏቸው መሰለኝ። "እትዬ ገዲሴ" አሉ፣ "ለዚህ መነጽር እንጂ ስንብት አያስፈልግም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ፋይል ሲመለስ ብቻ ሳይሆን ሲወጣም ይለካል። እኔም ጭምር።"

ይህን ጊዜ ጋሽ ኮርሳ ትዕግስታቸው አለቀ። አፋቸውን ዘግተው ቁጭ አሉና፣ "እናንተ ሰዎች፣ ይቅርታውን ኋላ ትባባላላችሁ። ጥርሴ ውስጥ መርፌ አለ የለም?" አሉ።

"የለም!" አልናቸው ሦስታችንም ባንድ አፍ።

"ታዲያ ቅዳሜ ስለ ምን ነው ያስለቀሳችሁኝ እህቴን?" አሉ። እትዬ ገዲሴ ሳቁ፣ እየሳቁ እንደገና አለቀሱ፤ እኔም አብሬ።

ሳይደግስ አይጣላም። በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ኮርሳ ሲመጡ ከጀሪካናቸው ጋር ሌላ ነገር ይዘው ነበር፤ ጀሞ ታክሲ መያዣው ጋ ከመንገድ ነጋዴ የገዟት፣ ቀይ ፍሬም ያላት የንባብ መነጽር። አፍንጫቸው ላይ ሰፋ ትላለች፣ እትዬ ገዲሴ ግን ማሸጊያ ላይ ያለችውን ቁጥር ጮክ ብለው ሲያነቡባት ዋሉ። "ሃያ አምስት! ይሄም ሃያ አምስት!" ይላሉ፣ የጠየቃቸው የለም።

የጋሽ ኮርሳን ስሮች ደፈንኩ፣ ራጅ ተነሳ፣ ዶክተር ፊሊጶስ ቅጼ ላይ ፈረሙልኝ። ሦስተኛው መንጋጋዬ ተያዘልኝ። ትሪዬን ይዤ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄድኩ። በሩ ላይ አፌ በልማዱ ሊከፈት ሲል መለስኩት። ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ነጯን፣ ቢጫዋን፣ ቀይዋን አንድ በአንድ እመስመሩ ላይ አስተኛሁ፣ ጫፋቸውን መብራት ላይ አየሁ። ጊዜ ፈጀብኝ።

"አልጎደለም" አልኩ ስጨርስ።

"አይተሽ ነው፣ ናፊ?"

"አይቼ ነው፣ እትዬ።"

"በይ እኔም ልየው" አሉና መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ።